ከሚንበሩ ላይ ጎንበስ ብለው ያሉት

ዓርብ ረፋድ፣ ጨፌ አምባ በምትባል ትንሽ የወሎ ከተማ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የጁምዓን ስብከት፣ ኹጥባውን፣ ከመስጊዱ መድረክ ከሚንበሩ ላይ ሲያደርጉ የኖሩት ኸጢብ ሸህ ዘይኑ እና የመስጊዱ አዛን አድራጊ አበጋዝ ከመስጊዱ ጋር በተያያዘችው ጠባብ ክፍል ተፋጥጠው ተቀምጠዋል፤ ከውጭ ለሰላት እየታጠቡ ዉዱእ የሚያደርጉ ሰዎች የውሃ ድምፅ ይሰማል።

ሸህ ዘይኑ፦ በሩን አትይ፤ ማንም አልጠራህም። ሰኞ ጠየቅሁህ፣ ረቡዕ ጠየቅሁህ፣ አሁንም እጠይቅሃለሁ። ባለፈው ጁምዓ፣ ገና ሚንበሩ ላይ ሳለሁ፣ ወዳንተ ጎንበስ ብዬ ምን አልሁህ?

አበጋዝ፦ ነግሬዎት የለ፣ ሸሆቼ። አልሰማሁም። ጆሮዬ ከደከመ ቆየ።

ሸህ ዘይኑ፦ ከወንዝ ማዶ የሰው ዶሮ ሲንጫጫ ሰምተህ ጭልፊት ገብቷል የምትል ሰው፣ ክንድ ከማይሞላ ርቀት የተነገረህን አልሰማህም?

አበጋዝ፦ ዶሮ ጮክ ብላ ነው የምትናገረው። እርስዎ በሹክሹክታ ነበር።

ሸህ ዘይኑ፦ ሹክሹክታ መሆኑን ግን ሰማህ።

አበጋዝ፦ ዛሬ አይውጡ። የመጣሁት ይህን ልለምንዎ ነው፤ ሌላውን ይተዉት። ለጀመዓው፣ ለተሰበሰበው ሰው፣ ሸሁን ጉንፋን ይዟቸዋል እላለሁ። ኡስታዝ ዙበይር ወጣት ቢሆንም ኹጥባውን አሳምሮ ያደርገዋል።

ሸህ ዘይኑ፦ በጁምዓ ቀን፣ በመስጊድ አጥር ውስጥ፣ ስለ ጉንፋን ልትዋሽልኝ።

አበጋዝ፦ ጠዋት ሲያስነጥስዎ ሰምቻለሁ።

ሸህ ዘይኑ፦ ጎረቤት በርበሬ እየተወቀጠ ነው ያስነጠሰኝ።

አበጋዝ፦ እኔ ምክንያቱን አልጠየቅሁም።

ሸህ ዘይኑ፦ አየህ፣ ጆሮህ ምንም አልሆነም። አበጋዝ፣ ሳቅ ሳቅ እያልህ አታሳልፈኝ። ፈርቻለሁ። ሰባት ቀን ሙሉ ፈርቻለሁ፤ ከምን እንደምሸሽ ሳላውቅ የምሸሽ ሰው ሆኛለሁ። ቅዳሜ ማለዳ ገና ከሰላት ሳልነሳ የእንድሪስ ልጆች መጡ። ሁለቱም፤ በአንድ በር።

አበጋዝ፦ ሁለቱም? ስድስት ዓመት ሰላምታ የላቸው።

ሸህ ዘይኑ፦ በእርሻቸው ድንበር የተነሳ ስድስት ዓመት። ትልቁ እግሬ ላይ ወደቀ፣ ታናሹም ተከተለው። ሸሁ ለከተማው ዱዓ የነፈጉት በእኛ ኃጢአት ነው፤ ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ አሚን ሊል ሲጠባበቅ እርስዎ ሳይለምኑለት ወረዱ፤ እኛ ታርቀናል፣ ሕዝቡን ይማሩ አሉኝ። እኔ ምን እንደነፈግሁ አላውቅም። ዱዓ ሳላደርግ ከሚንበር መውረዴን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት፤ ከእነሱ አፍ።

አበጋዝ፦ ምን አሏቸው?

ሸህ ዘይኑ፦ ፊቴን አኮሳትሬ፣ እንዲህ ነው ከመጀመሪያው መሆን የነበረበት፣ አልሁ።

አበጋዝ፦ ሸሆቼ።

ሸህ ዘይኑ፦ አውቃለሁ። አላህ አፉ ይበለኝ። የፈራ ሰው የሚያገኘውን ልብስ ነው የሚለብሰው፤ እነሱ የቁጣ ካባ ይዘውልኝ መጡ፣ እኔም ለበስሁት። ከዚያ ወዲያ በሬ አልተዘጋም። ሚዛን የሚያጭበረብረው ባለሱቅ ተጸጽቻለሁ ብሎ መጣ። እናቱን የረሳው ሹፌር መጣ። ከተማው በአንድ ሳምንት ውስጥ እኔ በሠላሳ አንድ ዓመት ያልመከርሁትን ያህል ተመከረ፤ ባላደረግሁት ዱዓ።

አበጋዝ፦ እንግዲያው ይተዉታ። ምን አጠፋ? ሰው ታረቀ፣ ሚዛን ቀና።

ሸህ ዘይኑ፦ እኔም እንዲያ ብዬ ነበር፤ እመት ሉባባ እስክትመጣ። ትናንት ሐሙስ፣ ያንን ወር ሙሉ ትኩሳት ያልለቀቀውን ልጇን ቤት ትታ መጣች። ከማንም አልተጣላሁም፣ የማንንም አልነካሁም፣ ቁጭ ብዬ ኃጢአቴን ብፈልግ አጣሁት፤ ባለፈው ጁምዓ በመጋረጃው በኩል ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ለልጄ አሚን ልል ነበር፤ ሸሁ የከለከሉኝ ምን ባጠፋ ነው፣ ይንገሩኝና ላስተካክል አለችኝ። ከበሩ ሳትገባ፣ ቆማ። ምን ልበላት?

አበጋዝ፦ ምን አሏት?

ሸህ ዘይኑ፦ ምንም። እንደማልሰማ ሆንሁ። አንተ ዛሬ እንደሆንኸው።

አበጋዝ፦ እኔ እርስዎን ላድን ብዬ ነው።

ሸህ ዘይኑ፦ ከምን? እሱን ንገረኝ። ከተማው የሚለውንማ ሰምቻለሁ። ኸጢቡ ጎንበስ ብለው ለአበጋዝ፣ ለእነዚህ ሰዎች እጄን ወደ አላህ አላነሳም፣ እርግማኔ ይበቃቸዋል፣ አሉት ይላሉ። ስማኝ። ሚንበር የማንም ቁጣ መወጫ አይደለም። ረሱል፣ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም፣ በላዩ ቆመው ሰውን ያስተማሩበት፣ ያስታረቁበት፣ ዝናብ የለመኑበት ነው። ከእኔ በፊት ኸጢብ የነበሩት ሸኼ በሕይወት ሳሉ ከሚንበሩ ሦስት ደረጃዎች ላይኛውን አልረገጡም፤ ለረሱል አደብ ብለው ሁለተኛው ላይ ይቆሙ ነበር፤ እኔም የላይኛውን በእጄ እንኳ ነክቼ አላውቅም። በዚያ ሥፍራ ቆሜ ሕዝበ ሙስሊሙን ረግሜ ከሆነ፣ ነገ ከጌታዬ ፊት የምቆመው በየትኛው ፊቴ ነው? የሚያስፈራኝ መርሳቴ ብቻ አይደለም። በረሳሁባት ቅጽበት ውስጤ ማን እንደተናገረ አለማወቄ ነው።

አበጋዝ፦ አልረገሙም። እንዲያ ያለ ቃል ከአፍዎ አልወጣም።

ሸህ ዘይኑ፦ እንግዲያው ሰምተሃል።

አበጋዝ፦ ልሂድ፣ ሰዓቱ ደርሷል።

ሸህ ዘይኑ፦ አበጋዝ።

አበጋዝ፦ ሰምቻለሁ።

ሸህ ዘይኑ፦ አልሐምዱሊላህ፤ ግማሹ ወጣ። ሌላው ግማሽ ላይ ምን ያንቅሃል?

አበጋዝ፦ እሱን ከተናገርሁ የራሴም ጉድ አብሮ ይወጣል። ቀድሜ የተናገርሁት እኔ ነኝ። በኹጥባ መሀል። እርስዎ ሁለተኛውን ኹጥባ ሊያደርጉ ተነሱና የመጀመሪያውን እንደገና ከላይ ጀመሩት። ቃል በቃል፤ ዐረብኛው ለማይገባው ሰው ምንም የጎደለ አይመስልም። እኔ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ከሥር የተቀመጥሁ ነኝ፤ ባይገባኝም ዜማውን አውቀዋለሁ። ይመለሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። ጨረሱ፤ ዝም ብለው ቆሙ፤ ከዚያ አንድ እግርዎን ለመውረድ አነሱ። ያን ጊዜ ሸሆቼ፣ ዱዓው፣ አልሁ። ሁለት ቃል።

ሸህ ዘይኑ፦ በዚህ ነው እንዴ እንጀራ የተጸየፍኸው? ሚስትህ ለኔ ከሰሰችህ እኮ።

አበጋዝ፦ እርስዎ አይደሉ ያስተማሩን? ኸጢቡ ሲናገር አጠገብህ ያለውን ሰው ዝም በል ብትለው እንኳ ጁምዓህን አጎደልህ አሉን። ልጅ ሲያለቅስ በዓይን እንቆጣዋለን እንጂ እሽ አንልም። አንድ ጊዜ ጊንጥ ከሶፉ፣ ከሰጋጁ ረድፍ፣ መሀል ገብቶ ሰው ሁሉ በጥቅሻ ነው የተነጋገረው። እኔ ግን ተናገርሁ። ከኸጢቡ ጋር ተናገርሁ፣ ይባስ ብሎ። ለሚስቴም አልነገርሁ፣ ዙበይርንም አልጠየቅሁ። ሰባት ሌሊት፣ ጁምዓዬን ለሁለት ቃል ሸጥሁት ብዬ ጣራ ሳይ አደርሁ።

ሸህ ዘይኑ፦ አልሸጥኸውም።

አበጋዝ፦ ለማጽናናት ብለው ነው።

ሸህ ዘይኑ፦ ለማጽናናት ሃይማኖት አላጣምምም። አንድ ባላገር፣ ረሱል ሚንበር ላይ ቆመው ሳለ፣ ከበሩ ገብቶ ከብቶቻችን አለቁ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ዝናብ ይለምኑልን አላቸው። በኹጥባው መሀል፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። ተወው፣ ዝም በል አላሉትም። እጃቸውን አንስተው ለመኑ። የሚከለከለው ሰው ከሰው ጋር የሚያወራው ወሬ ነው። ለጉዳይ ከኸጢቡ ጋር መናገር ግን ተፈቅዷል፤ ኸጢቡ ሲሳሳት ማስታወስማ ይበልጥ። ያደረግኸው የተፈቀደልህን ነው።

አበጋዝ፦ ይህን መቼ ነው ያስተማሩን?

ሸህ ዘይኑ፦ አላስተማርሁም።

አበጋዝ፦ ረስተውት ነው?

ሸህ ዘይኑ፦ ብረሳው ደስ ባለኝ። አልረሳሁትም። በየዓመቱ የኹጥባን አደብ ሳስተምር እዚያ እደርስና ገጹን እገለብጠዋለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ወጣት ነበርሁ፤ ከፊቴ ከሸኼ እኩል ኪታብ የተማሩ ሽማግሌዎች ተደርድረዋል፤ አንዱ ተነስቶ እዚህ ላይ ተሳስተሃል ቢለኝ ከዚያ ደረጃ ተንከባልዬ የምወድቅ መሰለኝ። እናም ዝምታውን ነገርኋቸው፣ በሩን ደበቅሁባቸው። ለሚቀጥለው ዓመት እነግራቸዋለሁ እያልሁ። ከዚያማ ዝምታው ጣፈጠኝ። ስድስት መቶ ሰው እስትንፋሱን ይዞ ሲያዳምጥህ፣ አበጋዝ፣ የተከበረው ሚንበሩ ይሁን አንተ መለየት ያቅትሃል። አሁን ዞሮ ያ ዝምታ እኔኑ ዋጠኝ። ስንት ጁምዓ እንዲህ እንዳለፈ ማን ያውቃል? የሚነግረኝን ሰው ራሴ አጥፍቻለሁ።

አበጋዝ፦ ሠላሳ አንድ ዓመት።

ሸህ ዘይኑ፦ ተቆጣኝ፤ መብትህ ነው።

አበጋዝ፦ ልቆጣ ነበር። ያ ጊንጥ የአክስቴን ልጅ ነድፎት ነበር፣ ያስታውሳሉ? ሳይጮህ ነው ኹጥባውን የጨረሰው። እግሩ እንደ ዱባ አብጦ።

ሸህ ዘይኑ፦ አስታውሳለሁ። በሚቀጥለው ጁምዓ ትዕግሥቱን ከሚንበሩ ላይ አመሰገንሁት።

አበጋዝ፦ አመሰገኑት፤ አዎ።

ሸህ ዘይኑ፦ አሁን ያንተ ሸክም ወርዷል። የኔን አውርድልኝ። ምን አልሁህ?

አበጋዝ፦ ብነግርዎ አልወጣም ይላሉ?

ሸህ ዘይኑ፦ ከነገርኸኝ በኋላ እኔ እወስናለሁ። በቅድሚያ ቃል አላስገባህም፣ አልገባምም። ደግሞ ሰባት ቀን ሙሉ ሥራ አልፈታሁም። ሁለተኛውን ኹጥባ ሌት ተቀን ስከልሰው ሰነበትሁ። ስማኝና ፍረድ፤ ከመጀመሪያው ሐምድ፣ ከምስጋናው፣ እስከ ዱዓው መዝጊያ እወርድልሃለሁ።

አበጋዝ፦ ይቅር፣ ሸሆቼ፤ ሌሊት ከግድግዳው ማዶ ሰምቼዎታለሁ። አንድ ፊደል አልጎደለም። ከወጣትነትዎ ይልቅ ያምራል።

ሸህ ዘይኑ፦ ታዲያ።

አበጋዝ፦ ክፍል ውስጥማ አይጠፋዎትም። እዚህ ይቀልዱብኛል፣ ይረቱኛል፣ የአክስቴን ልጅ ያስታውሳሉ። የሚጠፋዎት እዚያ ላይ ሲቆሙ ነው።

ሸህ ዘይኑ፦ ይህንንስ አላስተባብልም። ጥምጣሙ፣ ኮፍያው፣ ሻሹ ሁሉ ነጭ ነው። ድሮ ከነጩ ሥር ፊት ፊቱን እለይ ነበር፤ ይህ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ያኛው ከማን ጋር እንደተኳረፈ። አሁን ነጩ ይገጥምና አንድ ይሆንብኛል፤ በጉም ላይ የቆምሁ ያህል። የመጀመሪያውን ጨርሼ ቁጭ ስል፣ በሁለቱ መሀል የምንቀመጣትን ያቺን አጭር መቀመጥ ታውቃታለህ፤ ከእሷ ስነሳ ከየት እንደተነሳሁ አላውቅም። ይኸው ነው። ለማንም አልተናገርሁትም። ጠዋትም የውሃ ኢብሪቁን ይዤ ጓሮ ቆሜ፣ ዉዱእ አድርጌ ይሁን ላደርግ ይሁን ጠፋኝ። ሦስት ጊዜ ታጠብሁ። ልብሴ እስኪርስ።

አበጋዝ፦ ለዚያ ነው እንዴ እጅጌዎ።

ሸህ ዘይኑ፦ ለዚያ ነው። እንግዲህ ራቁቴን ነኝ፤ የቀረ የምትሸፍንልኝ ነገር የለም። ንገረኝ።

አበጋዝ፦ ዱዓው ስልዎ ዞር ብለው አዩኝ። ዓይንዎ ዓይኔ ላይ ነበር። ፈገግ አሉ፤ ለእንግዳ ሰው ፈገግ እንደሚባለው። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ አንተ ማነህ፣ አሉኝ።

ሸህ ዘይኑ፦ አንተን?

አበጋዝ፦ እኔን። አበጋዝ ነኝ ልል አፌን ከፈትሁ፤ ወላሂ ቃሉ አልወጣልኝም። እርስዎ ቀጠሉ። እዚህ ከፍታ ላይ ማን አወጣኝ፣ አሉ። ሰዉ ሁሉ ለምን ያየኛል፣ አሉ።

ሸህ ዘይኑ፦ ጨርሰው።

አበጋዝ፦ እንደ ልጅ እጅዎን ዘረጉልኝና፣ ፈራሁ፣ አውርደኝ፣ አሉኝ።

ሸህ ዘይኑ፦ ከዚያስ?

አበጋዝ፦ እጅዎን ይዤ አወረድሁዎ። ጀመዓው ደግሞ ሸሁን ለመማለድ እጃቸውን ሳመ አለ። እግርዎ ማሰገጃውን፣ ሚህራቡን፣ ሲረግጥ ግን ሁሉም ተመለሰልዎት፤ ተክቢር አድርገው ሰላቱን ያለ ምንም ስህተት አሰገዱ። እኔ ከኋላዎ ሆኜ አለቅስ ነበር፤ ሰው ከፍርሃተ አላህ መሰለው።

ሸህ ዘይኑ፦ ፈራሁ፣ አውርደኝ።

አበጋዝ፦ እንዲያ ነው ያሉት።

ሸህ ዘይኑ፦ ያ ሁሉ ከተማ የተንቀጠቀጠው በዚህ ቃል ነው።

አበጋዝ፦ እርግማን አይደለም፤ ቢያንስ እርግማን አይደለም። አብሽር፣ አይዞዎ፣ ልልዎ ብፈልግም አፌ ላይ ይሞታል።

ሸህ ዘይኑ፦ አትበለኝ። እውነት የተናገርሁት ምናልባት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ዙበይር፣ ያንን ጁምዓ፣ ምን አደረገ? እሱ ኪታብ የቀመሰ ነው፤ ዱዓ የሌለው ኹጥባ እንደማይሞላ ያውቃል።

አበጋዝ፦ ሰዉ ከወጣ በኋላ ጥግ ላይ ብቻውን በጁምዓው ፋንታ የዘወትሩን የቀትር ሰላት፣ አራት ረከዓ ዙህር፣ ሰገደ። አየሁት፤ እሱም ማየቴን አየ። ሁለታችንም አልተናገርንም።

ሸህ ዘይኑ፦ እሱንም ዝም ያሰኘሁት እኔው ነኝ። እንግዲህ የስድስት መቶ ሰው ጁምዓ አንገቴ ላይ ነው። ዙህሩን ቀዷ ማውጣት፣ ያለፈውን መልሰው መስገድ፣ አለባቸው፤ ሊነገራቸው ይገባል።

አበጋዝ፦ ዙበይር ይንገራቸው። በርስዎ ስም ሳይሆን፣ እንዲሁ በደፈናው።

ሸህ ዘይኑ፦ በደፈናው ከተባለ እመት ሉባባ ኃጢአቷን ስትፈልግ ትኖራለች። እሷ በስም ነው የጠየቀችኝ።

አበጋዝ፦ የእንድሪስ ልጆችስ? ሸሁ ተቆጡ ብለው ነው የታረቁት። ሸሁ ረስተው ነው ከተባለ ነገ ድንበራቸው ላይ ዱላ ይዘው ይቆማሉ።

ሸህ ዘይኑ፦ ሊቆሙ ይችላሉ። እሱም ያስፈራኛል። በሐሰት ቁጣዬ የታረቁትን ቤታቸው ሄጄ በእውነተኛ ልመናዬ አስታርቃቸዋለሁ፤ ካልሆነልኝ አልሆነልኝም። ግን በመርሳቴ ላይ ቁጣ አልብሼ፣ ቁጣውን ለአላህ ሰጥቼ አልኖርም። ጊዜው ስንት ነው?

አበጋዝ፦ ውሃው ድምፁ ቀንሷል። ሰዉ ሶፍ እየያዘ ነው።

ሸህ ዘይኑ፦ ክንዴን ያዘኝ። ከአዛንህ በፊት ወደ ውስጥ እገባለሁ፤ ሚንበሩ ላይ አልወጣም። ከሥሩ፣ ምንጣፉ ላይ ቆሜ እነግራቸዋለሁ። መርሳቴን፣ ዙህሩን፣ ለሠላሳ አንድ ዓመት የዘለልሁትን ያንን ገጽም። አንድም ሰው ሊጠይቀኝ ቢፈልግ ይጠይቀኝ። ከጠፋሁ ደግሞ...

አበጋዝ፦ ከጠፉ አለሁ። የቆሙበትን እነግርዎታለሁ።

ሸህ ዘይኑ፦ እጅጌዬ ገና አልደረቀም። ይታያል?

አበጋዝ፦ ይታያል።

ሸህ ዘይኑ፦ ይታይ። ረሱል ተደግፈውት ያስተምሩበት የነበረው የተምር ግንድ፣ ሚንበር ተሠርቶላቸው ሲተዉት፣ እንደ ግመል ግልገል አለቀሰ ይባላል። ለደረሶቼ ስተርክ፣ ረሱል ወርደው አቀፉት የሚለው ላይ ሁልጊዜ ድምፄን ከፍ አደርግ ነበር። ማልቀሱ ላይ ቶሎ አልፋለሁ። አሁን የገባኝ ማልቀሱ ነው።

አበጋዝ፦ ኹጥባ ሲያደርጉ የሚደገፉበትን ዱላ ለዙበይር ልስጠው?

ሸህ ዘይኑ፦ እኔ በእጄ እሰጠዋለሁ፤ ሲወጣም ሰው ሁሉ እንዲያየው። ከዚያ ከመጀመሪያው ሶፍ ላይ ከጎንህ አስቀምጠኝ። አንድ ነገር ብቻ አደራ።

አበጋዝ፦ ይዘዙኝ።

ሸህ ዘይኑ፦ በኹጥባው መሀል ዞር ብዬ፣ አንተ ማነህ፣ የት ነው ያለሁት፣ ብዬ ብጠይቅህ አትመልስልኝ። ብፈራም፣ እጄን ብዘረጋልህም። የተፈቀደው ከኸጢቡ ጋር መናገር ነው፤ እኔ ከዛሬ ጀምሮ ኸጢብ አይደለሁም። ጁምዓህ ይጎድልብሃል።

አበጋዝ፦ ይጉደል፤ እመልስልዎታለሁ።